ወደ ጓሳ ከመውጣት በፊት፦ የስልክ ጥሪን መርጦ ስለ ማስተላለፍ

ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለማጥናት ወደ መንዝ ጓሳ የሚወጣ ተማሪ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጠው በዚያ አምባ ሸንተረሩ ሞገዱን በጋረደበት ጊዜ ስልኩ አይጠራም። ለእርሱ የተደወለው ጥሪ ግን ወደ ቤተሰቡ መደበኛ ስልክ ሊዞር ይችላል።

የማስተላለፊያው ትእዛዝ የሚቀመጠው በስልኩ ውስጥ ሳይሆን የደንበኛው መረጃ በተመዘገበበት የኔትወርኩ ቋት ነው። ስለዚህ ባትሪው ቢያልቅ እንኳ ይሠራል፤ ሞገድ ከጠፋ በኋላ ግን ማስመዝገብ አይቻልም። ስለሆነም ተማሪው መሃል ሜዳ ከተማ ሳለ **62* ብሎ፣ የቤቱን ቁጥር ከነአካባቢ ኮዱ አስከትሎ፣ በ# ዘግቶ ይደውላል። 62 «ስልኩ ካልተገኘ» ማለት ነው፤ 61 ላልተነሣ፣ 67 ለተያዘ ስልክ ያገለግላል። 21 ሁሉንም ጥሪ ያለ ቅድመ ሁኔታ አሳልፎ ይሰጣልና፣ ያልታወቀ ሰው «ይህን ደውል» ቢል አለመቀበል ነው። አጭበርባሪዎች በድምፅ የሚነገር የማረጋገጫ ቁጥር የሚጠልፉት በዚሁ መንገድ ነው።

እነዚህ ኮዶች ሁኔታን እንጂ ደዋይን አይለዩም። «የእናቴ ጥሪ ብቻ ይተላለፍ» ለማለት የደዋዩን ቁጥር አይቶ የሚወስን የኢንተርኔት ስልክ ማዞሪያ ያስፈልጋል። በቴሌግራም የሚመጣ ጥሪም በኢንተርኔት ስለሚጓዝ ለ62 አይታዘዝም።

የቤቱ ስልክ ተመልሶ ወደ ተንቀሳቃሹ እንዳይተላለፍ መጠንቀቅ ያሻል። የሁለተኛው ጉዞ ሂሳብም አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው በአስተላላፊው ላይ ነው። ከጓሳ ሲወርዱ ##62# ትእዛዙን ይሰርዛል።