ለአጋዘንና ለትልልቅ የዱር እንስሳት አደን የሚበቃ ጥይት አመራረጥ

ከአቃቂ ቃሊቲ ተነሥቶ በቢሾፍቱና በሞጆ አድርጎ ወደ አርሲና ወደ ባሌ ደጋዎች የሚዘልቀው ጎዳና የጭነት መኪና መንገድ ብቻ ሳይሆን የአዳኝም መንገድ ነው፤ በዚህም ጎዳና ሕጋዊ ፈቃዱን ይዞ የሚወጣ ሰው ከድንኳኑና ከስንቁ አስቀድሞ ሊመክርበት የሚገባው ነገር፣ ጠመንጃው የማን ሥራ ነው የሚለው ሳይሆን፣ ጠመንጃው የሚጎርሰው ጥይት ለሚታደነው እንስሳ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው ጥያቄ ነው። አባቶቻችን መሣሪያን በስሙ እየጠሩ ማወደስ ልማዳቸው ስለ ነበረ፣ ውጅግራው፣ ለበኑ፣ ምንሽሩና ቤልጅጉ በፉከራና በቀረርቶ ውስጥ እንደ ሰው ክብር እየተሰጣቸው ኖረዋል፤ ይህ ውዳሴ ለዐውደ ውጊያ የተገባ ቢሆንም፣ ለአደን የሚሆን ጥይት የሚመርጥ ሰው ግን ዝናን ለባለ ዝናው ትቶ ከእንስሳው አካልና ከራሱ ትከሻ መነሣት ይኖርበታል። የምርጫውም ሥርዓት በተራ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ከፈቃዱ ወረቀት መነሣት

አደንን በሕግ የመገደብ ሐሳብ በአገራችን ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 እና እርሱን ለማስፈጸም በ2000 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 163 ይህንኑ በዘመናዊ ሥርዓት አጽንተውታል፤ መሣሪያ ስለ መያዝ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የታወጀው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አለ። ስለዚህ አዳኙ አስቀድሞ ወደ ኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሄዶ፣ የትኛውን እንስሳ፣ በየትኛው የአደን ቀበሌ፣ በምን ያህል ቁጥር እንዲያድን እንደሚፈቀድለት ይረዳ፤ ስለ ጥይቱ መጠን በጊዜው የሚሠራበት ትእዛዝ መኖር አለመኖሩንም ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት እዚያው ይጠይቅ። ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮና ቆርኬ ፈጽሞ የማይነኩ ናቸው። የአቃቂ ቃሊቲም ነዋሪ ቢሆን፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ በተገደበው በአባ ሳሙኤል ሐይቅና በዙሪያው ባለው ረግረግ ከሩቅ አገር እየመጡ የሚከርሙት ወፎች ለቤቱ ቅርብ ስለ ሆኑ ብቻ የእርሱ ግዳይ አለመሆናቸውን ልብ ይበል። ጥይት የሚመረጠው በፈቃዱ ላይ ከተጻፉት እንስሳት መካከል እጅግ ከባዱን መሠረት በማድረግ ነው።

2ኛ፤ የእንስሳውን ክብደት ማወቅ

በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘውና ለዓለም ሊቃውንት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1910 የሆነው የደጋ አጋዘን፣ ወንዱ ከ180 እስከ 300 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የቆላው አጋዘንም በክብደት ከዚህ ብዙ አይርቅም። አምባራይሌ 100 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ፀጉሩ የጠቆረው የምኒልክ ድኩላ ከዚያ ያንሳል፤ ሚዳቋ ደግሞ ከ25 ኪሎ ግራም እምብዛም አያልፍም። ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ የሚታየው ጎሽ ነው፤ እርሱ ከ600 ኪሎ ግራም በላይ የሚደርስ፣ ቆዳው የወፈረ፣ አጥንቱ የከበደ፣ ቆስሎም የሚያደባ እንስሳ ስለ ሆነ የራሱን ጥይት ይጠይቃል። እንግዲህ አንድ ጥይት ለብዙ ዐይነት አደን ይበቃል ሲባል፣ ከድኩላ እስከ ደጋ አጋዘን ያለውን መካከለኛ ማዕርግ ይሸፍናል ማለት እንጂ ጎሽንም ይጨምራል ማለት አይደለም።

3ኛ፤ ርቀቱንና አየሩን መመዘን

በሙነሳ ጥቅጥቅ ደን ውስጥ እንስሳው ድንገት በ50 ወይም በ80 ሜትር ላይ ሊገለጥ ይችላል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው የባሌ ደጋ ግን አስታ በሸፈነው ተዳፋት ላይ ከሸለቆ ወዲያ ማዶ በ200 ሜትርና ከዚያም በሚበልጥ ርቀት ይታያል። ስለዚህ የሚመረጠው ጥይት በቅርብ ሳይፈነዳ፣ በሩቅም ሳይደክም የሚሠራ መሆን አለበት። ከዚህም ጋር መታወቅ የሚገባው፣ በ3,000 ሜትር ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ጠለል አየር በሩብ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ ዓረሩን የሚይዘው ኃይል ይቀንሳል፤ በውጭ አገር በዝቅተኛ ስፍራ የተስተካከለ ጠመንጃ በደጋችን ላይ ከታሰበለት ነጥብ ከፍ አድርጎ የሚመታበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

4ኛ፤ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ማንበብ

በአገራችን ብዙ ሰው «ሰባት ነጥብ ስድሳ ሁለት» ሲባል አንድ ጥይት ብቻ ያለ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ይህ ቁጥር የሚነግረን የአፈሙዙን ውስጣዊ ስፋት በሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር የቀለሁን ርዝመት ያመለክታል። 7.62 በ39 የክላሽንኮቭ ነው፤ 7.62 በ54 የሩስያ ጠመንጃና የመትረየስ ነው፤ 7.62 በ51 እና 7.62 በ63 ደግሞ ለአደን የታወቁት ናቸው፤ አንዱ በሌላው ስፍራ አይገባም፣ ገብቶ ቢተኮስም ተኳሹን ለአደጋ ይዳርጋል። በዕድሜ ጠገብ ማውዘሮችም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም 8 ሚሊ ሜትር በ57 የሚባለው ጥይት እ.ኤ.አ. በ1888 ሲወጣ ዓረሩ ቀጭን ነበረና፣ በ1905 በወጣው ወፍራም ዓረር በዚያ አሮጌ አፈሙዝ መተኮስ እጅግ አደገኛ ነው። በአፈሙዙ ላይ የተቀረጸውና በቀለሁ ግርጌ የታተመው ጽሑፍ አንድ ካልሆኑ፣ ወይም ጽሑፉ ከጠፋ፣ ጠመንጃው በባለሙያ ሳይመረመር አይተኮስም።

5ኛ፤ ጥይቶቹን ማነጻጸር

የጥይት ኃይል የሚሰላው የዓረሩን ክብደት (በኪሎ ግራም) በፍጥነቱ (በሰከንድ ሜትር) ካሬ አባዝቶ ለሁለት በማካፈል ሲሆን መስፈሪያውም ጁል ይባላል፤ በዚህ ሚዛን የክላሽንኮቭ ጥይት 2,000 ጁል ያህል ብቻ ስላለው፣ በመንደር ውስጥ ብዙ መገኘቱ ለደጋ አጋዘን የተገባ አያደርገውም።

እ.ኤ.አ. በ1892 የወጣው 7 በ57 ማውዘር 9 ግራም ዓረር በሰከንድ 800 ሜትር ገደማ እየወረወረ 2,900 ጁል ያህል ይሰጣል፤ ትከሻን የማይጎዳ፣ ለድኩላና ለአምባራይሌ ፍጹም፣ በሰለጠነ እጅ ለአጋዘንም የሚበቃ ነው። ቤል የተባለው ስመ ጥሩ የዝሆን አዳኝ በዚህ ጥይት እጅግ ብዙ ዝሆኖችን መጣሉ ይነገራል፤ ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግን የዓረር ማረፊያ ከዓረር ግዝፈት እንደሚበልጥ ነው እንጂ፣ በትንሽ ጥይት ትልቅ አውሬን መድፈር ይገባል የሚል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው 7.62 በ51፣ ማለት .308 ዊንቸስተር፣ 3,600 ጁል ገደማ አለው፤ አጭር በሆነ ጠመንጃ ውስጥ ስለሚገባም በደን ውስጥ ለሚሄድ ሰው ይመቻል።

እ.ኤ.አ. በ1906 የአሜሪካ ጦር የተቀበለው 7.62 በ63፣ «ሠላሳ ዜሮ ስድስት» እየተባለ የሚጠራው ስፕሪንግፊልድ፣ 11.7 ግራም ዓረር በሰከንድ 820 ሜትር ገደማ በመወርወር 3,900 ጁል ያህል ይሰጣል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1909 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲመጣ ከያዛቸው መሣሪያዎች አንዱ በዚህ ጥይት የሚሠራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም በዓለም ገበያ ያልጠፋ፣ ከቀላል እስከ ከባድ ልዩ ልዩ ዓረር የሚገኝለት በመሆኑ፣ ከድኩላ እስከ ደጋ አጋዘን በአንድ ጠመንጃ ለማደን ለሚሻ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው ይህ ነው ብሎ መናገር ያስደፍራል። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው .300 ዊንቸስተር ማግነም ከዚህ በልጦ 4,700 ጁል ገደማ ቢሰጥም፣ ትርፉ የሚታየው በሩቅ ርቀት ስለ ሆነና ትከሻን የሚገፋው ምቱም ስለሚከብድ፣ ከ200 ሜትር ወዲያ በእርግጥ መምታት ለማይችል ሰው ዕዳ እንጂ ሀብት አይሆንለትም።

በፈቃዱ ላይ ጎሽ የተጻፈ እንደ ሆነ ግን ክርክሩ ያበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1912 የወጣው .375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ 19.4 ግራም ዓረር ይዞ 5,700 ጁል ያህል ይሰጣል፤ በበርካታ የአፍሪካ አገሮችም ለአደገኛ አውሬ ከዚህ ያነሰ ጥይት በሕግ የተከለከለ ነው።

6ኛ፤ የዓረሩን ዐይነት መምረጥ

ቀለሁ አንድ ቢሆንም የዓረሩ ጠባይ ይለያያል። ለጦር የተሠራው፣ እርሳሱ በመዳብ ቆዳ ጨርሶ የተሸፈነው ዓረር ሳይሰፋ በሥጋ ውስጥ አልፎ ስለሚወጣ እንስሳውን አቍስሎ ወደ ጫካ ይሰድደዋል፤ ይህም ለፍጥረት የማይራራ ሥራ ነው። ለአደን የሚሆነው ጫፉ ተገልጦ እርሳሱ የሚታይ፣ ሲመታ እንደ እንጉዳይ የሚሰፋ ዓረር ነው፤ ለደጋ አጋዘንና ለቆላ አጋዘን ደግሞ እርሳሱና ቆዳው የተጣበቁበት፣ ወይም ሁለንተናው ከመዳብ የተሠራው ዐይነት፣ አጥንት ሰብሮ ስለሚዘልቅ ይመረጣል። ቀላልና እጅግ ፈጣን ዓረር በቅርብ ርቀት ሲመታ የትከሻውን ሥጋ በደም አበስብሶ ለምግብ እንዳይሆን ያደርገዋልና፣ ሥጋውን ለማብላት የሚያስብ አዳኝ መካከለኛ ፍጥነትና ከበድ ያለ ዓረር ይምረጥ።

7ኛ፤ ትከሻን በእውነት መመርመር

የ.375 ምት ከሠላሳ ዜሮ ስድስቱ ምት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ምቱን የሚፈራ ተኳሽ ቃታውን ሲስብ ዐይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ያስቀድማል፣ ዓረሩም ከልብ ወደ አንጀት ይወርዳል፤ ይህም ድክመት በንግግር አይሸሸግም፣ በዒላማ ወረቀት ላይ ይገለጣልና። ስለዚህ ገዢው ከመግዛቱ በፊት በሕግ በተፈቀደ የተኩስ ስፍራ በልዩ ልዩ ጥይት ይሞክር፤ ከአሥር ተኩስ በኋላ አሥራ አንደኛውን በፈቃዱ የማይተኩሰው ጥይት የእርሱ አይደለምና፣ አንድ ማዕርግ ዝቅ ብሎ ይምረጥ። ዝቅ ማለቱ ለአጋዘን ጉዳት የለውም፤ ለጎሽ ግን ዝቅ ብሎ መምረጥ ስለማይቻል፣ ምቱን ያልቻለ ሰው ጎሹን ይተው።

8ኛ፤ ማስተካከልና መፈተን

ከተመረጠው ጥይት በአንድ ፋብሪካ የተሠራ፣ የዓረሩ ክብደት አንድ የሆነ፣ ለልምምድም ለአደንም የሚበቃ በአንድ ጊዜ ይገዛ፤ ፋብሪካው ወይም ክብደቱ በተለወጠ ቍጥር ማነጣጠሪያው እንደ ገና ይስተካከላልና። ሠላሳ ዜሮ ስድስት በ11.7 ግራም ዓረር በ200 ሜትር ላይ ልክ እንዲመታ ከተደረገ፣ በ100 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ በ300 ሜትር ግን ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል። ይህ ማስተካከል በአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎችና መንደሮች መካከል የሚደረግ አይደለም፤ በተፈቀደ ስፍራ ከተደረገም በኋላ፣ የከፍታውና የብርዱ ለውጥ እንዲታይ በአደን ቀበሌው ውስጥ አዳኙን በሚመራው አስጎብኚ ፈቃድ እንደ ገና ይረጋገጣል። በተዳፋት ላይ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ሲተኮስ፣ የሚቈጠረው ዐይን ያየው ሰያፍ ርቀት ሳይሆን አግድሙ ርቀት መሆኑ አይዘነጋ።

ከዚያም ተኳሹ ከወንበርና ከጠረጴዛ ተነሥቶ፣ ተንበርክኮና በምርኩዝ ተደግፎ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ይተኩስ፤ የአጋዘን ልብና ሳንባ የሚገኝበት ስፍራ በዚህ ክብ ይመሰላልና። ዓረሮቹ ሁሉ ሳያመልጡ በክቡ ውስጥ የሚያርፉበት እጅግ ሩቁ ርቀት የእርሱ የመጨረሻ ርቀት ነው፤ ያ ርቀት 120 ሜትር ከሆነ፣ ጥይቱ 400 ሜትር ይደርሳል ማለቱ ምንም አይጠቅመውም።

በጠቅላላው፣ ጎሽ በሌለበት ፈቃድ 7.62 በ63ን ከበድ ካለ ጽኑ ዓረር ጋር፣ ምቱ ለሚከብደው 7.62 በ51ን ወይም 7 በ57ን፣ ጎሽ ባለበት .375ን መያዝ ለአገራችን አደን የሚበቃ ምርጫ ነው። የጥይት ዋጋ ውድ ነው ብሎ ልምምድን የሚቈጥብ ሰው ግን የትኛውንም ቢመርጥ አልመረጠም፤ የአደኑን ወጪ ሲያሰላ የልምምዱን ጥይት ከፈቃዱ ክፍያ ጋር አብሮ ይደምር፣ ሁለቱን ለመክፈል ካልቻለም አደኑን ለሌላ ዓመት ያቈየው።