ባሕር ያልከበበው አገር፤ ኦንኮሰርኪያሲስን በከፋ ስለ መከታተልና ስለ መቆጣጠር

ስለ ድርቅና ስለ ሠፈራ በተነሣ ቁጥር ስለ እህል፣ ስለ በሬና ስለ መሬት ድልድል ብዙ ይባላል። ሠፋሪው በሚገባበት አገር ስለሚጠብቀው በሽታ የሚባለው ግን ጥቂት ነው፤ ከተባለም የሚጠቀሰው ወባ ነው። ይህ ትምህርት የሚመለከተው የወባን ያህል ስሙ ያልተሰማውን፣ በከፋ ወንዞች ዳር የሚገኘውን ኦንኮሰርኪያሲስ ነው።

በሽታው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ መኖሩን መጀመሪያ የገለጹት በ1939 እ.ኤ.አ. የጣሊያን ተመራማሪዎች ናቸው። አስተላላፊዋ ጥቁር ዝንብ እንደ ወባ ትንኝ በረጋ ውሃ አትራባም፤ እንቁላሏን የምትጥለው ከዐለት ጋር እየተላተመ በሚወርድ ፈጣን ወንዝ ውስጥ ነው። ኩሬ ማድረቅ አይነካትም። የምትነድፈውም በቀን፣ ሰው በእርሻና በቡና ሥራ ላይ ሳለ ስለሆነ አጎበር አያስጥልም። በሰው ገላ ውስጥ አዋቂው ትል ከቆዳ ሥር በጉብታ ተሸሽጎ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይኖራል፤ ከእርሱ የሚወለዱት ጥቃቅን እጮች በቆዳ ውስጥ ይሰራጫሉ። በምዕራብ አፍሪካ በሽታው በዕውርነት ሲታወቅ፣ በእኛ አገር ጎልቶ የሚታየው እንቅልፍ የሚነሣ ማሳከክና የቆዳ መበላሸት ነው። ገዳይ ባለመሆኑ ብቻ ቀላል ነው የሚሉ አሉ። ሌሊቱን ሲያክክ ያደረ ገበሬ ግን በማግሥቱ ምን ያህል እንደሚያርስ መገመት አያስቸግርም።

እንዲህ ያለውን በሽታ ደሴት ላይ ማጥፋት እንደሚቻል የኢኳቶሪያል ጊኒዋ ቢዮኮ አሳይታለች። በዚያ የዝንቧን ዕጭ የሚገድል መድኃኒት በወንዞቹ ውስጥ ተጨመረ፤ ከመጋቢት 1997 ዓ.ም. በኋላ በደሴቲቱ ላይ ተናካሿ ዝንብ አልተገኘችም። ሥራው ብርቱ ነበር፤ ነገር ግን ባሕሩም አግዟል። ከውጭ የምትተካ ዝንብ በቀላሉ አትሻገርም፤ የሚገባውም ሰው በወደብ በኩል ይታወቃል።

ከፋ ይህ ዕድል የለውም። ወንዙ ብዙ ነው፤ ደኑም ጥቅጥቅ ያለ ነው። ዋጫ ራሷ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ስለምትገኝ፣ ወደ በበቃና ወደ ሌሎች የቡና እርሻዎች ሥራ ፍለጋ የሚሄደው ሰው በዚያ ያልፋል። በ1977 ዓ.ም. የጀመረው ታላቁ ሠፈራ ከሰሜን ደጋ ብዙ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አምጥቷል፤ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህም በክልሉ ውስጥ በተካሄደው ሠፈራ ከተጨናነቁ አካባቢዎች የተነሡ ቤተሰቦች በከፋ ሠፍረዋል። ስለዚህ በዚህ አገር የባሕሩን ሥራ እንዲሠራ የተተወው መዝገብ ነው።

መዝገቡ የሚያገለግለው ለሜክቲዛን ዕደላ ነው። አምራቹ የመርክ ኩባንያ መድኃኒቱን እስካስፈለገ ድረስ በነጻ ለመስጠት በጥቅምት 1980 ዓ.ም. ቃል የገባ ሲሆን፣ በከፋና በሸካ በካርተር ማዕከል ድጋፍ ሕዝቡ ራሱ የሚሳተፍበት ዕደላ በ2001 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ አገሪቱ ዓላማዋን ከመቆጣጠር ወደ ማጥፋት አሸጋገረች፤ በዚህም በብዙ ወረዳዎች ዕደላው በዓመት ሁለት ጊዜ ሆነ። ሜክቲዛን እጮቹን እንጂ አዋቂውን ትል አይገድልም። ትሉ እስኪያረጅ ድረስ ዕደላው ለዓመታት መደጋገም ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። አዳዩ መጠኑን የሚወስነው በሚዛን ሳይሆን በቁመት መለኪያ ዘንግ ነው፤ ከ90 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃንና ነፍሰ ጡር አይወስዱም። እነዚህም ቢሆኑ ስማቸው ሊመዘገብ ይገባል፤ ሕፃኑ ያድጋል፣ እናቲቱም ትወልዳለች።

ሠፋሪው የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው። የቤተሰብ ቆጠራው እርሱ ከመድረሱ በፊት ተከናውኖ ከሆነ ስሙ የለም። ቢጠራም «እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ለምን እውጣለሁ?» ይላል፤ ከወንዝ ዳር ከሠፈረ ዝንቧ እንደማትለየው አልተነገረውም። ቀድሞ የተለከፈው ደግሞ መጀመሪያ ሲወስድ እጮቹ ሲሞቱ ገላው ሊያሳክከውና ሊያብጥ ይችላል፤ ይህ አስቀድሞ ካልተነገረው መድኃኒቱ ጎዳኝ ብሎ ለጎረቤቱ ያወራል። በአንድ መንደር ጥቂት ቤቶች ካልወሰዱ ዝንቧ ከእነርሱ ወስዳ ለሌላው ታደርሳለች።

ክትትሉም ቢሆን ሰው በሚንቀሳቀስበት አገር ጥንቃቄ ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ዕደላ ከመቆሙ በፊት ሁለት ነገር እንዲታይ ያዛል፤ አንደኛው ከ10 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ጣት የሚወሰድ የደም ጠብታ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከወንዝ ዳር የሚሰበሰቡ ዝንቦች ምርመራ ነው። በደሙ ምርመራ የበሽታው ምልክት የሚገኝባቸው ሕፃናት ከ1,000 አንድ እንኳ መሙላት የለባቸውም። ታዲያ በሽታው ከሌለበት ደጋ ትናንት የመጣ ሕፃን በናሙናው ውስጥ ቢገባ ቁጥሩን ያሳንሰዋል፤ በሽታው ካለበት ሌላ ወረዳ የመጣ ቢሆን ደግሞ በዋጫ ያልተላለፈውን በዋጫ ያስቆጥራል። ስለዚህ ደም ወሳጁ ከዕድሜው ቀጥሎ ሊጠይቅና ሊጽፍ የሚገባው ልጁ የት እንደተወለደና በየትኛው ዓመት ወደ ቀበሌው እንደገባ ነው።