ስለ ትርንጎ ዘርና ስለ ትዕግሥት

ልጆች ሆይ፤ ትርንጎ የሎሚና የብርቱካን ወገን የሆነ ዛፍ ነው። ፍሬው ሲበስል ቢጫ ይሆናል፤ ሽታውም እጅግ ያማረ ነው። ሎሚ የሚፈለገው ስለ ውሃው ነው፤ የትርንጎ ውሃ ግን ጥቂት ነው፤ የሚበላውም ከቢጫው ልጣጭ በታች ያለው ወፍራም ነጭ ሥጋው ነው። ዘሩ ከመካከሉ ይገኛል። ብዙ ሰው ነጩን በልቶ ዘሩን ይጥላል፤ ነገር ግን የጣለው ዛፍ መሆኑን አያስብም።

የትርንጎ የጥንት አገሩ በሂማልያ ተራሮች ግርጌ ያለው ምድር ነው፤ ከዚያም ወደ ፋርስና ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፋ። ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ያህል በፊት የነበረ ቴዎፍራስጦስ የሚባል የግሪክ ሊቅ ይህን ፍሬ የሜዶንና የፋርስ ፖም ብሎ ጠራው፤ ዘሩም ቀዳዳ ባለው ሸክላ እንደሚዘራ ጻፈ። አይሁድም እስከ ዛሬ ድረስ በየዓመቱ በዳስ በዓል ትርንጎ በእጃቸው ይይዛሉ። እንግዲህ በቤታችን ደጃፍ የምንሠራው ይህ ትንሽ ሥራ 2,300 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው ነው።

አዘራሩም እንዲህ ነው። አስቀድማችሁ በደንብ የበሰለ ፍሬ ምረጡ። ስለቱ ዘሩን እንዳይነካው ዙሪያውን ብቻ በቢላዋ ቁረጡና በእጃችሁ ገምሱት። ዘሩን ከሚያሙለጨልጨው ነገር አጽድታችሁ በንጹሕ ውሃ እጠቡት። ስንዴና ባቄላ ደርቀው በጎተራ ይከርማሉ፤ የትርንጎ ዘር ግን በጣም ከደረቀ የመብቀል ኃይሉ ይጠፋል። ስለዚህ ፍሬው በተቆረጠበት ቀን ወይም በማግሥቱ መዝራት ይገባል።

ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ሸክላ ወይም ጣሳ አዘጋጁ። ከታች ጥቂት ጠጠር አድርጉ፤ በላዩም ጥሩ ዐፈር፥ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅላችሁ ሙሉበት። ዘሩን 1 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ቅበሩት፤ ውሃም በቀስታ አጠጡት፤ ሙቀት ባለበት ስፍራም አስቀምጡት። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይበቅላል፤ ብርድ ከሆነ ግን ከዚህም ይዘገያል። በዚህ ጊዜ በቀለ ወይስ አልበቀለም ብሎ ዐፈሩን የሚጭር ልጅ ለጋውን ሥር ይሰብራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ስለዚህ ነው።

ሁለት ወንድማማች ልጆች የትርንጎ ዘር በየሸክላቸው ዘሩ። ለሁለቱም በቀለላቸው። ታላቁ ችግኙን እጅግ ስለ ወደደ ማለዳም፥ ቀትርም፥ ማታም ውሃ ያጠጣው ነበር። ታናሹ ግን አስቀድሞ ጣቱን ወደ ዐፈሩ ያገባ ነበር፤ ርጥብ ሆኖ ሲያገኘው ይተወዋል፤ ሲደርቅ ያጠጣዋል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የታላቁ ችግኝ ቅጠሉ ቢጫ ሆነና ረገፈ። አባታቸው ቢነቅለው ሥሩ ጠቁሮና በስብሶ ተገኘ። ልጁም እያለቀሰ፤ «አባቴ፥ እኔ እኮ ከወንድሜ ይልቅ ተንከባክቤዋለሁ» አለ። አባቱም፤ «ልጄ፥ ሥር አየር ይፈልጋል፤ ውሃ ዐፈሩን ሲሞላው አየር አጥቶ ይሞታል። አንተ ችግኙን ወደድኸው እንጂ አላወቅኸውም» ሲል መለሰለት። ታናሹም ከሦስት ችግኞቹ አንዱን ለወንድሙ ሰጠው። ታላቁም ከተቀበለው በኋላ እንስራውን ከማንሣቱ በፊት ጣቱን ወደ ዐፈሩ አገባ።

ችግኙ ከ4 እስከ 6 ቅጠል ሲያወጣ ለየብቻው ወደ ሰፊ ሸክላ አዛውሩት፤ ሲጠነክርም ፀሓይ በሚያገኝበት ስፍራ በመሬት ትከሉት። ውርጭ ይጎዳዋልና በደጋ አገር ያላችሁ በብርድ ወራት ሌሊት ሸክላውን ወደ ቤት አግቡት። ቅጠሉንም ዘወትር መርምሩ። የቢራቢሮ አባጨጓሬ ይበላዋልና። ይህ ትል ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ ስለሚመስል የማያስተውል ሰው አይቶ ያልፈዋል፤ ኋላ ግን አረንጓዴ ሆኖ ሲያድግ ለጋውን ቅርንጫፍ ራቁቱን ያስቀረዋል። ክፉ ልማድም እንዲሁ ነው፤ በትንሽነቱ ጊዜ በጣት ይለቀማል።

ከዘር የበቀለ ትርንጎ ፍሬ እስኪሰጥ ድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚህ የሚበልጥ ይቆያል። ከፍሬውም አስቀድሞ እሾኹን ያሳያል። በዚህ ጊዜ ሰነፍ ሰው፤ ይህ እሾኽ ብቻ ነው ብሎ ይቆርጠዋል፤ አስተዋይ ግን ይጠብቀዋል። ዛሬ ፊደል የሚቆጥር ልጅ ዛሬ ዘር ቢተክል፥ ዛፉ ሲያፈራ እርሱ በቁመቱ ከዛፉ ጋር ሊተካከል ይችላል።

ልጆች ሆይ፤ እናንተ የበላችሁትን ትርንጎ የተከለው ሰው ማን እንደሆነ አታውቁም፤ እርሱም እናንተን አያውቃችሁም። ሆኖም ደክሞ ተክሎላችኋል። ዕዳውን ለእርሱ መክፈል አይቻላችሁም፤ ነገር ግን ዘሩ በእጃችሁ ነውና ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ክፈሉ።

ጥያቄ።
1. የትርንጎ ዘር ሳይዘራ ቢቆይና ቢደርቅ ምን ይሆናል?
2. የታላቁ ልጅ ችግኝ ስለ ምን ሞተ?
3. ታናሹ ልጅ ውሃ ከማጠጣቱ በፊት ምን ያደርግ ነበር?
4. አባጨጓሬው ትንሽ ሳለ ምን ይመስላል?
5. ዛፍ ለተከለልን ለማናውቀው ሰው ዕዳችንን በምን እንከፍላለን?