ያረጀውን ወይን ለዶሮ ወጥ አትክፈቺው

ልጄ፣ አጎትሽ ከስፔን ያመጣልሽን የሪዮሃ ቀይ ወይን ለፋሲካ ሌሊት ልትከፍቺው እንዳሰብሽ ሰማሁ። ደግ አስበሻል። እንዲህ ያለው ጠርሙስ ግን አመለኛ ነውና በዓሉ ሳይደርስ ጥቂት ልምከርሽ።

1. ወይን ሁሉ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል የሚሉሽን አትስሚ። አብዛኛው ወይን የሚሠራው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ ነው። ጉደርም ሆነ በፈረንጅ 2014 ከዝዋይ መውጣት የጀመረው የካስቴል ወይን ገዝተው የሚጠጡት እንጂ ለልጅ ልጅ የሚያስቀምጡት አይደለም። ዕድሜ የሚችለው ምላስ የሚያደርቀው ታኒንና ኮምጣጣነቱ የበረታለት ነው፤ የቦርዶ ምርጦች፣ የጣሊያኑ ባሮሎ፣ የአንቺው ሪዮሃም ደህናው። መለያው ላይ «ግራን ሬሴርቫ» የሚል ካየሽ ለገበያ ሳይወጣ ቢያንስ 5 ዓመት ቆይቷል ማለት ነው፤ ከዚያ ውስጥ 2ቱን በእንጨት በርሜል፣ 2ቱን በጠርሙስ። እዚያው መለያ ላይ ያለው 2010 የሚለው ቁጥር ደግሞ ወይኑ የተለቀመበት የፈረንጅ ዓመት ነው፤ በእኛ የ2003 መባቻ መሆኑ ነው።

2. የት እንደቆየም ጠይቂ። በእኛ ቤት ውድ መጠጥ ሳሎን ቡፌ ውስጥ ቆሞ፣ የከሰዓት ፀሐይ እየመታው፣ ለእንግዳ ዓይን ይቀመጣል። ለውስኪ መቆሙ ግድ የለም። ወይን ግን ቆሞ ሲከርም ቡሹ ይደርቃል፣ አየር ይገባል፣ ወደ ኮምጣጤ ይሄዳል። ተኝቶ፣ በጨለማ፣ 12 ወይም 13 ዲግሪ ላይ ቢቆይ ነው የሚወደው። ቁም ሣጥን ሥር ማስተኛት ቡፌ ውስጥ ከመገተር ይሻላል፤ ፍሪጅ አናት ላይ ማስቀመጥ ግን ማብሰል ነው።

3. ቀኑን ምረጪ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ይኸኛው ነው። ሰው 55 ቀን ጾሞ፣ ሌሊቱን ቆሞ አስቀድሶ ሲመለስ የሚፈልገው ዶሮ ወጡን ነው። በርበሬው የአልኮሉን ማቃጠል ያባብሳል፣ ታኒኑን ያመርረዋል፤ ያረጀ ወይን ያለው ስስ መዓዛ ደግሞ ከቁሌቱ ጋር ሊታገል አይችልም፣ ይጠፋል። ለዶሮ ወጥ ጠጅ አለልሽ፣ ጠላ አለልሽ። ቤቱ ሙሉ እንግዳ፣ ልጆች የሚሯሯጡበት፣ ስልክ የማያርፍበት ቀንም ነው። የእኔ ምርጫ ዳግማይ ትንሣኤ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምምና ማን ያስቸኩልሻል? የበግ ጭን በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል ምድጃ ውስጥ አብስይ፤ በርበሬም አዋዜም አይድረስበት። የሪዮሃ ሰዎች ራሳቸው የጠቦት ጎድን በደረቀ የወይን ሐረግ እሳት ጠብሰው ነው ከወይናቸው ጋር የሚበሉት። አልጫ ወጥም ያስኬዳል፣ ቅመሙ ካልበዛ።

4. ጠርሙሱን ከዋዜማው ጀምሮ አቁሚው። ታኒኑና ቀለሙ በዓመታት ብዛት ተያይዘው አተላ ይሆናሉ፤ አተላው ታች መስፈር አለበት። ስትከፍቺ አትነቅንቂው። ቡሹ ያረጀ ነውና መክፈቻውን እስከ መጨረሻው አስገቢና በዝግታ ሳቢ። ቢፈረፈርም አትደንግጪ፣ በሻይ ማጥለያ ታጠሪዋለሽ። ከዚያ ንጹሕ የብርጭቆ ጆግ ያዢ፤ የስልክሽን መብራት ከጠርሙሱ አንገት ሥር አብሪ፣ ድሮ በሻማ ነበር፤ ሳታቋርጪ በቀጭኑ ቅጂ። ጥቁር ክር የመሰለ ነገር ወደ አንገቱ ሲመጣ ያን ጊዜ አቁሚ። የቀረውን ሁለት ጣት አትሰስቺለት። ወጣት ወይን አየር ሲመታው ይለሰልሳል፤ ያረጀው ግን ብዙ ከቆየ ይሞትብሻልና ሥጋው ሲቀርብ ቅጂው።

5. ስታቀርቢው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይሁን። ቀኑ ሞቃት ከሆነ ሩብ ሰዓት ፍሪጅ ይግባ፣ በረዶ ግን አይጨመርበት።

6. ለሰው ሳታቀርቢ አንቺ አሽትቺው። የረጠበ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ አበላሽቶታል፤ ኮምጣጤ ከሸተተም አብቅቶለታል። ጡብ የመሰለ ቀለም፣ የቆዳ፣ የትምባሆ፣ የደረቀ ፍሬ ሽታ ግን እርጅናው እንጂ ብልሽት አይደለም። ከተበላሸ ድፊው፤ አጎትሽም አይቀየምም። አንድ ወጣት ወይን በተጠባባቂነት ይኑርሽ።

7. አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከ5 ወይም ከ6 ብርጭቆ አያልፍም። በእኛ ባህል ደግሞ አንዱን አጠጥቶ ሌላውን መዝለል ነውር ነው። ስለዚህ ጥቂት ሰው ጥሪ። የብርጭቆውን ሲሶ ብቻ ሙዪ፣ ከታላቅ ጀምሪ፤ መኪና ለሚነዳ አትቅጂ፣ የማይጠጣውንም በግድ አትበይ። ያረጀ ወይን ለነገ አያድርም፤ የተከፈተ ዕለት ይለቅ። ጠርሙሱ ግራን ሬሴርቫ ሳይሆን ተራ ወይን ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ዳግማይ ትንሣኤን እንኳ አትጠብቂ፤ ለመጀመሪያው እንግዳ ክፈቺው።