ከፈሳሹ ዓይነት በፊት መጠኑ፦ በአሶሳና አካባቢዋ ለጽኑ ሕሙማን የሚሰጥ የደም ሥር ፈሳሽ

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ክልሉ በአገሪቱ ወባ ከሚበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ የሸርቆሌና የባምባሲ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያዎችም የሚገኙት በዚሁ ክልል ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ራሱን ስቶ የሚመጣ ታማሚ ከባድ ወባ፣ የደም ማነስ፣ ሴፕሲስ ወይም ሦስቱንም በአንድነት ይዞ ሊሆን ይችላል። ክንዱ ላይ የሚንጠለጠለውን ማንኛውንም ፈሳሽ አስታማሚው «ግሉኮስ» ይለዋል። ይህ የወል ስም በሕክምና ባለሙያው አእምሮም ውስጥ ቦታ ካገኘ አደጋ አለው፤ ፈሳሾቹ አንድ አይደሉምና።

ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ ስኳሩ በሰውነት ከተቃጠለ በኋላ የሚቀረው ተራ ውኃ ነው፤ አብዛኛውም ወደ ሕዋሳት ስለሚገባ የወደቀን የደም ግፊት አያነሣም። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ከባድ ወባ በተለይ በሕፃናትና በነፍሰ ጡሮች ላይ የደም ስኳርን ስለሚያወርድ፣ የስኳር ልኬቱ ዝቅ ሲል ግሉኮስ ሕይወት ያድናል። ኖርማል ሳላይን በሊትር 154 ሚሊሞል ሶዲየምና ያንኑ ያህል ክሎራይድ ይይዛል። ክሎራይዱ ከደም መጠን በእጅጉ የበለጠ በመሆኑ፣ በብዛት ሲሰጥ የደምን አሲድነት ይጨምራል። በሪንገር ላክቴት ውስጥ ያለው ክሎራይድ 109 ሚሊሞል ገደማ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ክርክር ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ በ15,802 ጽኑ ሕሙማን ላይ የታተመ ጥናት፣ ሞትንና ከባድ የኩላሊት ጉዳትን በአንድነት ሲለካ፣ ሚዛናዊ ፈሳሽ በተሰጣቸው 14.3 በመቶ፣ ሳላይን በተሰጣቸው 15.4 በመቶ ሆኖ አገኘው። በኋላ በብራዚል (2021)፣ እንዲሁም በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ (2022) የታተሙት ጥናቶች ግን በሞት ረገድ ጉልህ ልዩነት አላሳዩም። እንግዲህ ሪንገር ላክቴት ባለበት እርሱን ማስቀደም ተገቢ ቢሆንም፣ ስለጠፋ ሳላይን የሰጠ ሐኪም ታማሚውን በደለ ሊባል አይችልም። የጭንቅላት ጉዳት ላለበት እንዲያውም ሳላይን ይመረጣል።

ለአሶሳ የሚበልጠው ጥያቄ መጠኑ ነው። በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው «ፊስት» ጥናት፣ ትኩሳትና የደም ዝውውር መዳከም የነበረባቸውን 3,141 ሕፃናት አካቷል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወባ፣ ሲሶ የሚሆኑት ደግሞ ከባድ የደም ማነስ ነበረባቸው። በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት ፈጣን ሳላይን ከተሰጣቸው 10.5 በመቶ፣ አልቡሚን ከተሰጣቸው 10.6 በመቶ፣ ፈጣን ፈሳሽ ካልተሰጣቸው 7.3 በመቶ ነበሩ። ውድ የሆነው አልቡሚንም ከሳላይኑ የተሻለ አልሆነም፤ ጉዳቱ የመጣው ከአሰጣጡ ነው። በዛምቢያ ዝቅተኛ የደም ግፊት ባላቸው የሴፕሲስ ሕሙማን አዋቂዎች ላይ የተደረገው ጥናት (2017) ተመሳሳይ ውጤት አገኘ፦ ፈሳሽን በብዛትና በፍጥነት በሚያዘው መርሐ ግብር 48.1 በመቶ፣ በተለመደው ሕክምና 33.0 በመቶ ሞቱ። አብዛኞቹ ኤችአይቪ ስለነበረባቸው ቁጥሩን እንዳለ ወደ አሶሳ ማዛወር አይገባም። ሆኖም የመተንፈሻ መሣሪያ እንደ ልብ በማይገኝበት ክፍል ሳንባው ውኃ የቋጠረን ታማሚ መመለስ እጅግ አዳጋች መሆኑ በሁለቱም ቦታ እውነት ነው። ደም ያነሰው ሕፃን የሚያስፈልገው ደም ነው፤ በፈሳሽ ላይ ፈሳሽ መጨመር የቀረውን ቀይ የደም ሕዋስ ያቀጥነዋል።

ይህ ጥንቃቄ ግን ለኮሌራ አይሠራም፤ ፊስትም የተቅማጥ ሕሙማንን አላካተተም። ከባድ የውኃ እጥረት ያለበት ከአንድ ዓመት በላይ የሆነ ታማሚ፣ ከባድ የምግብ እጥረት ከሌለበት፣ በኪሎ ክብደቱ 100 ሚሊ ሊትር ሪንገር ላክቴት በ3 ሰዓት ውስጥ ይሰጠዋል፤ 30ው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት፣ 70ው በቀረው ጊዜ። እዚህ ላይ መቆጠብ ራሱ ይገድላል።

ክትትሉ የግድ የላቦራቶሪ ላክቴት ልኬት አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት፣ ጣትን ተጭኖ ደሙ የሚመለስበትን ጊዜ በመቁጠር የተመራ ሕክምና ላክቴትን በመለካት ከተመራው የባሰ ውጤት አላሳየም። ነርሷ ለዚህ የምትሻው ሰዓትና በየግማሽ ሰዓቱ ወደ አልጋው የመመለስ ፋታ ነው፤ እስትንፋስ ከፈጠነ ወይም ከሳንባው ግርጌ የመንሿሿት ድምፅ ከተሰማ ፈሳሹ ይቆማል።