ኢስቲኻራ እና የኢንተርንሺፕ ፎርም



የኢንተርንሺፕ ቦታ መምረጫ ሲደርስ በጀመዓችን «ኢስቲኻራ አድርጌ ሕልም እየጠበቅኩ ነው» የሚል አይጠፋም። ፎርሙ ግን ቀን አለው።

ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኢስቲኻራን ልክ እንደ ቁርኣን ሱራ ያስተምሯቸው ነበር፦ ከፈርድ ውጭ ሁለት ረከዓ፣ ከዚያ ዱዓው። በሐዲሱ ስለ ሕልም የተነገረ ነገር የለም። ዱዓው የሚደረገው ለታሰበ ጉዳይ ነው፤ ጉዳዩም በስሙ ይጠራል። ያላጠናነውን ምን ብለን እንጠራዋለን? በሱረቱ አሊ ዒምራን 159ኛ አንቀጽም ምክክር ይቀድማል፣ ውሳኔ ይከተላል፣ ከዚያ ተወኩል።

ደብረ ታቦር ለምንማር የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች ጥያቄው ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ወይስ አገር ቤት ነው። ነፋስ መውጫ ወይም መካነ ኢየሱስ ቤተሰብ ላለው የቤት ኪራይ የለበትም። አዲስ አበባ ፕሮጀክቱ ሰፊ ነው፤ የሚያሳድር ዘመድ ግን ይፈልጋል (ዘመድም ይሰለቻል)። ወጥተው የተመለሱትን ሲኒየሮች እንጠይቅ፤ ሳይቱ ላይ ሥራ አለ ወይስ ፊርማ ብቻ? ዙህርና ዐስር የት ይሰገዳል? ከዚያ ሁለት ረከዓ ሰግደን ፎርሙን በጊዜው እናስገባ። ቦታው ባይሳካም፣ ክፉ ከሆነ እንዲርቅልን በዚያው ዱዓ ለምነናል።

የድጋፍ ደብዳቤውን ከዲፓርትመንት ቀደም ብለን እናውጣ፤ እሱ ብቻውን ቀናት ይፈጃል።