ድምፅ ያለው ሞትና ድምፅ የሌለው ሞት

የዛሬው ጥናታችን ስለ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ግን የሰው ነፍስ ስለሆነ በጥሞና እንዲነበብ እንጠይቃለን። በክልላችን ሰው በጥይት ሲሞት ወሬው በአንድ ቀን ከኢታንግ ጋምቤላ ከተማ ይደርሳል። ሕፃን በወባ ወይም በተቅማጥ ሲሞት ግን «ምን ይደረግ፣ የእግዜር ሥራ ነው» ተብሎ ይቀበራል። ሁለቱም መቅረት ይችሉ የነበሩ ሞቶች ናቸው። ታዲያ ነገ ሂሳብና ሳይንስ የምናስተምር እጩ መምህራን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን መመዘን ልንችል ይገባል።

1ኛ. የተመዘገበው ቁጥር

ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ተሻግረው የመጡ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን፣ በላሬና በጂካዎ ወረዳዎች ያሉ መንደሮችን ወረሩ። 208 ሰዎች እንደተገደሉና ከ100 በላይ ሕፃናት ታፍነው እንደተወሰዱ መንግሥት በወቅቱ አስታውቋል።

በዚያው በ2008 ዓ.ም. ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አካሂዶ ነበር። በጥናቱ መሠረት፣ ከዚያ በፊት በነበሩት 10 ዓመታት በጋምቤላ ክልል በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት ውስጥ 88ቱ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ሞተዋል። የመጀመሪያውን ቁጥር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ይሄንን ሁለተኛውንስ?

2ኛ. ስሌቱ

208ን ለ88 አካፍለን በ1,000 ብናባዛ 2,364 ገደማ ይመጣል። ይኸውም 2,364 ሕፃናት በተወለዱ ቁጥር፣ በዚያ ቀን የተገደሉትን ሰዎች ያህል ሕፃናት አንድም ጥይት ሳይተኮስ ያልቁ ነበር ማለት ነው። የሞታቸው ምክንያት አንድ አይደለም፤ በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ጉዳት አለ፣ የሳምባ ምች አለ፣ ተቅማጥና ወባም አሉ። አብዛኛው ግን መከላከያ ወይም መድኃኒት ያለው ነው።

በዓለም ደረጃም እንመልከት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ጦርነት ሳይጨመር 250,000 ያህል ሰዎች በጥይት እንደሞቱ ተገምቷል። በ2023 ወባ 597,000 ያህል ሰዎችን ገድሏል፤ በ2021 ደግሞ የመንገድ አደጋ 1,190,000 ያህሉን ፈጅቷል። ዓመታቱ እንደሚለያዩ፣ ከመጀመሪያውም ቁጥር ጦርነት እንደወጣ ልብ ይሏል። ከቁጥር በፊት «ምን ተቆጠረ? ምንስ ቀረ?» ብሎ መጠየቅ የመምህር ልማድ መሆን አለበት።

3ኛ. ሚዛኑ እንዳያሳስተን

«እንግዲያው የጥይት ሞት ጥቂት ነው ማለት ነዋ!» የሚል ሊኖር ይችላል። አይደለም። ምክንያቱም፦

ሀ. 208ቱ የሞቱት በአንድ ቀን፣ በጥቂት መንደሮች ነው። 88ቱ ግን የዓመታትና የመላው ክልል ስሌት ነው። ለእነዚያ መንደሮች ያ ቀን ከየትኛውም በሽታ የከፋ ነበር።

ለ. ወባ ለገደለው ሰው ደም መላሽ አይነሣለትም። ጥይት የገደለው ግን ሌላ ሞት ይወልዳል።

ሐ. ተኩስ ባለበት መንገድ ይዘጋል፤ ምጥ የያዛት እናት ጤና ጣቢያ አትደርስም፤ የጤና ሠራተኛው ይሸሻል፤ የተፈናቀለው ያለ አጎበር ሜዳ ላይ ያድራል። ስለዚህ በበሽታ ተመዝግቦ የሚቀበር፣ ነገር ግን መነሻው ጠብመንጃ የሆነ ሞት አለ።

በመሆኑም ሁለቱን ሞቶች የምናነጻጽረው አንዱን ለማሳነስ ሳይሆን የተረሳውን ለማስታወስ ነው።

4ኛ. ከመምህሩ ምን ይጠበቃል?

ባሮ በክረምት ሞልቶ ሲጎድል በየጥጉ ያቆረ ውሃ ይተዋል፤ ትንኙም በዚያ ይራባል። ወባ የሚበረታበት ይህ ወቅት ትምህርት ቤት ከሚከፈትበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ የስም መጥሪያው መዝገብ የመምህሩ የመጀመሪያ መሣሪያ ነው። ልጅ ሲቀር «ቀሪ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ለምን ቀረ? ትኩሳት ከያዘው በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ሄዶ ደሙ እንዲመረመር ወላጆቹን መምከር ይገባል። ለተቅማጥም በንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ ኦ.አር.ኤስ. ነፍስ ያድናል።

ስለ ጥይት ደግሞ ከቋንቋችን እንጀምር። በክፍል ውስጥ «የእኛ ሙት»፣ «የእነሱ ሙት» ማለት ይቅር። አኙዋክ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖ፣ ኮሞ ወይም ደገኛ ሳንል ሟቾችን ሁሉ በአንድ ዓምድ እንቁጠራቸው። ትንኟ ዘር አትጠይቅም፤ እኛስ ስንቆጥር ለምን እንጠይቃለን?

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በ1,000 ልደት 88 ሞት ከሆነ፣ 500 ሕፃናት በተወለዱበት ቀበሌ ስንት ሞት ይጠበቃል?
2. ሁለት የሞት ቁጥሮችን ከማወዳደራችን በፊት ምን ምን ማመሳሰል አለብን?
3. በጥይት ምክንያት የሚመጣ፣ ግን በጥይት ስም የማይመዘገብ ሞት በምሳሌ አስረዱ።